ለመጋቢያችን ስንት እንክፈል?

«ቄሱም ዝም፣ መጽሐፉም ዝም» ይባላል። በመጋቢ ደመወዝ ጉዳይ ግን አባባሉ የሚሠራው ግማሹ ብቻ ነው። መጋቢው ዝም ይላል፤ ካነሳው «ገንዘብ ወዳድ» መባልን ይፈራል። ሽማግሌዎችም ዝም ይላሉ፤ በጀት ሲጸድቅ «የአገልጋዮች ወጪ» የምትል አንዲት መስመር ላይ ቶሎ ይታለፋል። ምእመኑም አይጠይቅም። መጽሐፉ ግን ዝም አላለም።

ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 9 ላይ ወታደሩን፣ ወይን ተካዩን፣ መንጋ ጠባቂውን፣ የሚያበራየውን በሬ፣ የመቅደስ አገልጋዩን አንድ በአንድ ይጠራል። ከዚያ «ወንጌልን የሚሰብኩ ከወንጌል ቀለብ እንዲቀበሉ ጌታ ደንግጎአል» ይላል። ደንግጎአል ነው የሚለው። «ቢመቻችሁ» አይደለም።

«ጳውሎስ እኮ ድንኳን እየሰፋ ነው ያገለገለው» የሚል ወንድም በየጉባኤው አይጠፋም። እውነት ነው፣ ሰፍቷል። ነገር ግን መብቱን የተወው ራሱ ነው፤ የቆሮንቶስ ምእመናን አልወሰኑለትም። ደግሞም እዚያው ቆሮንቶስ ሳለ የጎደለውን የሞሉለት ከመቄዶንያ የመጡ ወንድሞች ናቸው (2ኛ ቆሮንቶስ 11፥9)። ድንኳን ሰፊውም ደጋፊ ነበረው። ሌላው ሰው በፈቃዱ የተወውን መብት እኔ ከመጋቢዬ ላይ ልቀማው አልችልም።

ነህምያ 13ን ደግሞ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ነህምያ ወደ ንጉሡ ሄዶ ሲመለስ ሁለት ነገር አገኘ። የሌዋውያን፣ ማለትም የመቅደሱ አገልጋዮች፣ አሥራት ይቀመጥበት የነበረው ትልቅ ክፍል ለጦብያ ተሰጥቷል። ጦብያ የኢየሩሳሌም ቅጥር ሲሠራ ሲያሾፍና ሲቃወም የኖረ ሰው ነው፤ ከነዕቃው ገብቶበታል። ሌዋውያኑና መዘምራኑ ደግሞ ድርሻቸው ስላልተሰጣቸው እያንዳንዳቸው ወደየእርሻቸው ሄደዋል። ነህምያ ታዲያ ማንን ተቆጣ? ሌዋውያኑን «እምነታችሁ የት ሄደ? እግዚአብሔር አያበላችሁም ወይ?» አላላቸውም። የተጣላው ከሹማምንቱ ጋር ነው። «የእግዚአብሔር ቤት ስለ ምን ተተወ?» አላቸው። ለእሱ የአገልጋይ ቀለብ መቅረት ማለት ቤቱ መተው ማለት ነበር። ዕቃውን ወደ ውጭ ጣለ፣ ክፍሉን አስነጻ፣ አሥራቱ መጣ። ቀጥሎ ያደረገውን ብዙዎቻችን አናስተውለውም። በግምጃ ቤቱ ላይ ካህን፣ ጸሐፊና ሌዋዊ ሾመ፤ አንድ ረዳትም ጨመረላቸው። ለምን እነዚህን? የታመኑ ስለነበሩ ነው ይላል። ቁልፉ በአንድ ሰው ኪስ አልገባም።

የዛሬዎቹ እርሻዎች ራይድ መንዳት፣ ድለላ፣ የማታ ማስጠናት ናቸው። በዋሽንግተን አካባቢ ደግሞ ሌሊቱን ታክሲ ሲነዳ አድሮ እሁድ ጠዋት መድረክ ላይ የሚቆም መጋቢ ብርቅ አይደለም። ሥራው ነውር የለውም። ትንሽ ኅብረት የአዳራሽ ኪራይ ከፍላ እጇ ላይ ምንም ካልቀራት እንዲህ የሚያገለግል ሰው ሊከበር ይገባዋል። ግን ያኔ ሆስፒታል በተኛ ሁሉ፣ ለቅሶ በተቀመጠ ሁሉ፣ በእያንዳንዱ የጸሎት ምሽት ለምን አልተገኘም ብሎ ማኩረፍ ግፍ ነው። የግማሽ ቀን ሰው ይዘን የሙሉ ጊዜ አገልግሎት መጠበቅ አይሆንም።

ቤተ ክርስቲያን ድሃ ስትሆንም መንገድ አለ። ጣሊያን አገራችንን በያዘ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1937 የሚሲዮን ሰዎች ወላይታን ለቀው ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች መቶ አይሞሉም ነበር። ሲመለሱ የጠበቃቸው በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ነው። በእነዚያ ዓመታት ከውጭ የሚላክ ደመወዝ አልነበረም። ምእመኑ ያለውን ተካፈለ። ገላትያ 6፥6ም ያለው ይህንኑ ነው፦ «ቃሉን የሚማር ከሚያስተምረው ጋር መልካምን ነገር ሁሉ ይካፈል።»

ሌላኛው ገደል ደግሞ አለ። መሳፍንት 17 ላይ ሚካ የሚባል ሰው ቤቱ ውስጥ ጣዖት አቁሞ አንድ ሌዋዊ ቀጠረ። ክፍያው በዓመት 10 ጥሬ ብር፣ ልብስና ቀለብ ነው። ምዕራፍ 18 ላይ የዳን ሰዎች መጡና «ለአንድ ሰው ቤት ከምታገለግል ለነገድ ካህን ብትሆን አይሻልህም?» አሉት። የካህኑ ልብ ደስ አለው ይላል። ጣዖቱን ጭምር ተሸክሞ ሄደ። የተሻለ ከፋይ ሲመጣ የሚነቃ «ጥሪ» ያኔም ነበረ። ነቢዩ ሚክያስም በዋጋ የሚያስተምሩ ካህናትን፣ በገንዘብ የሚያሟርቱ ነቢያትን ወቅሷል። ለትንቢት ዋጋ የሚያስከፍለውን ሰው ጉዳይ እዚህ አልፈታውም፤ እሱ የደመወዝ ጥያቄ አይደለም፣ ንግድ ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ፖስታው ነው። ታውቁታላችሁ። ስብከቱ ያልቃል፣ ሰው እየተሳሳመ ይወጣል። አንድ የደህና ኑሮ ባለቤት መጋቢውን በሁለት እጁ ይጨብጠዋል። «ለትራንስፖርት ናት፣ ፓስተር» ይላል ዝቅ ባለ ድምፅ። የታጠፈችው ፖስታ ከመዳፍ ወደ መዳፍ ታልፋለች፣ ከዚያ ኮት ኪስ ትገባለች። ሂሳብ ሹም አያውቃት፣ ደረሰኝ የላት። ሰጪው ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግ ነው። መጋቢውም ሌባ አይደለም፤ የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ደርሶበታል። ግን ያ ሰጪ በመጪው ወር ሠራተኞቹን ደመወዝ ሲከለክል መጋቢው ቢሰማስ? የተከለከለ የሠራተኛ ደመወዝ ይጮኻል የሚለውን ያዕቆብ 5፥4ን በየትኛው ፊቱ ይሰብካል? ደመወዙን ዝቅ ያደረግንበት መጋቢ ትሑት አይሆንልንም። የባለ ፖስታዎቹ ሰው ይሆናል።

እንግዲህ ስንት? ቁጥር ጠቅሼ አላመልጥም፣ ሳልጠቅስም አላልፍም። ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። በመጀመሪያ ዲግሪ የሚቀጠር በ11,500 ብር ይጀምራል። የእናንተ መጋቢ የት ላይ ነው? ከዝቅተኛው በታች ከሆነ ቤተ ክርስቲያን ከመንግሥት አንሳለች ማለት ነው። ለእኔ ጥሩ መለኪያ የጉባኤው መካከለኛ ኑሮ ነው። በሰፈሩ ያለ አንድ ልምድ ያለው መምህር የሚኖረውን ኑሮ ይኑር። ቤት የሚከራየው እዚያው በግ በሚጠብቅበት ሰፈር ይሁን። ምእመኑ ሽሮ እየበላ እሱ በቪ ኤይት አይሂድ፤ ምእመኑ ልጆቹን ዩኒቨርሲቲ እያስገባ የእሱ ልጆች በክፍያ ምክንያት ከክፍል አይባረሩ።

የጡረታውንም ነገር አትርሱ። በግል ድርጅት ጡረታ ሕግ ሠራተኛው 7፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። ቤተ ክርስቲያን ቢያንስ ያንን ያህል ለአገልጋይዋ እርጅና ማስቀመጥ አለባት። 30 ዓመት በግቢው ቤት ኖሮ ያረፈ መጋቢ ሚስት፣ አርባው ሳይወጣ «ቤቱን ለአዲሱ አገልጋይ እንፈልገዋለን» የምትባልባቸው ቦታዎች አሉ። ያች እህት መዋጮ ሊለመንላት አይገባም ነበር።

በሚቀጥለው የበጀት ስብሰባ ላይ ይህን ሞክሩ። መጋቢው ለዚያ አጀንዳ ከክፍሉ ይውጣ። ከሽማግሌዎች በተጨማሪ ገበያ የምትወጣና የዋጋውን ነገር የምታውቅ እህት ትኑርበት። ኪራይ፣ ትምህርት፣ ሕክምና፣ ቀለብ በወረቀት ይጻፍ። ውሳኔው በደብዳቤ ይድረሰው፤ መጠኑን ጉባኤው ይወቀው። «ለመጋቢ ማበርከት እፈልጋለሁ» የሚል በሂሳብ ሹሙ በኩል ይስጥ። ዘኍልቍ 18፥26 ሌዋውያንም ከተቀበሉት አሥራት አሥራት እንዲያወጡ ያዛል፤ ስለዚህ መጋቢውም እንደማንኛውም ምእመን አሥራቱን ከፍሎ ደረሰኙን ይቀበል።