ናልና ባዶ አንድ አይደሉም

«ናል (null) እና ባዶ ጽሑፍ ልዩነታቸው ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ በየሳምንቱ ስለሚነሳ እስቲ በጃቫ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ረጋ ብለን እንየው። ቫሪያብሉ፣ ማለትም ኮዱ ውስጥ የሰጠነው ስም፣ ኦብጀክቱን (ዳታውን) ራሱን አይዝም፤ ያለበትን ቦታ ነው የሚጠቁመው። ናል ሲሆን ወደ የትም አይጠቁምም። ስልካችሁ ላይ ስሙ ተመዝግቦ ቁጥሩ ያልገባለት ሰው ጋ እንደ መደወል ነው። ባዶ ጽሑፍ ግን ራሱን የቻለ ኦብጀክት ነው። ርዝመቱን ብትጠይቁት 0 ይላችኋል። ናልን ስትጠይቁት ፕሮግራሙ ኤረር ያወጣል።

የደንበኛውን አድራሻ፣ ከዚያም የአድራሻውን ከተማ የምትጠይቀውን ይቺን የኮድ መስመር ተመልከቱ፦

ደንበኛ.አድራሻ().ከተማ()

እዚህ የሚያስቆማችሁ ደንበኛው ወይም አድራሻው ናል ሲሆን ነው። ከተማው ናል ቢሆን ይቺ መስመር በሰላም ታልፋለች፤ የምትወድቁት ከተማውን ስትጠቀሙበት፣ ምናልባት ሌላ ፋይል ውስጥ ነው። ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው እዚህ ጋ ነው። ከጃቫ 15 ጀምሮ የኤረር መልእክቱ ራሱ የትኛው ናል እንደሆነ ይነግራችኋል፤ አንብቡት።

እባካችሁ ኤረሩን በትራይ ካች (ኤረር ሲመጣ ይዞ ፕሮግራሙ እንዲቀጥል በሚያደርግ ኮድ) አትሸፍኑት። ናሉ ከየት እንደመጣ ፈልጉ። አድራሻ የሌለው ደንበኛ መኖሩ ትክክል ከሆነ ግን አስቀድማችሁ ናል መሆኑን በኢፍ (if) ፈትሹ።

ከቋንቋ ቋንቋ የሚለያየው ማስጠንቀቂያው የሚመጣበት ጊዜ ነው። ኮትሊን ናል ሊሆን የሚችልን ነገር ሳትፈትሹ ብትጠሩ ኮዱን ኮምፓይል አያደርግም (ወደሚሠራ ፕሮግራም አይቀይረውም)። ሲ ሻርፕ ከቨርዥን 8 ወዲህ፣ የናል ፍተሻ ምርጫውን ካበራችሁት፣ ያስጠነቅቃችኋል።