«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው»

ደብረ ብርሃን፣ ቦኖ ላይ ተሰልፈናል። ውሃ ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ቢጫ ጀሪካኑ ተደርድሯል፤ ክዳን የሌለው በፌስታል ተወትፏል። ከኋላዬ ያሉት እናት ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉና «አይ እንግዲህ፣ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው!» አሉ።

አንድ ጎረምሳ ሳቀ። «እማማ፣ ዓባይ እኮ ጎጃም ነው። እኛን ምን አገባን?»

አባባሉ ላጣ ሰው ሁሉ አይባልም። ድሃን ድሃ ስለሆነ ብቻ የዓባይ ልጅ አንለውም። ዳቦ ቤት ያለው ሰው ልጅ ጦሙን ሲያድር፣ የመምህር ልጅ ፊደል ሳይቆጥር ሲቀር ነው ቦታው። ምንጩ ደጁ ሆኖ ያልደረሰው ማለት ነው።

ለምን ዓባይ? ባሕር ዳር ላይ ቆሞ ለሚያይ ነገሩ ግራ ያጋባል። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ተንጣሎ፣ ዓባይም እዚያው ከተማዋ ሥር ከሐይቁ ሲወጣ፣ ማን ይጠማል? እዚያ የደንገል ታንኳው እንኳ ውሃ ጠጥቶ ጠጥቶ ሲከብድ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። ግን ወንዙን ተከትላችሁ ውረዱ። 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ጢስ ዓባይ ላይ ይወረወራል። ከዚያ በኋላ በረሃ ውስጥ ይገባል፤ ገደሉ በአንዳንድ ቦታ ከ1,000 ሜትር በላይ ይጠልቃል። አፋፉ ላይ ያለው ገበሬ ውሃውን ቁልቁል ያያል እንጂ በእንስራ አይቀዳውም። አባባሉ ከባሕር ዳር ሳይሆን ከዚያ አፋፍ የመጣ ይመስለኛል።

ጎረምሳው ግን ተሳስቷል። ከደብረ ብርሃን ሥር የሚወርደው በሬሳ ጀማ ይገባል፣ ጀማ ደግሞ ዓባይ። ከጣርማ በር ወዲያ ቁልቁል የወረደው ውሃ ነው ወደ አዋሽ የሚሄደው። ዝምድናው በውሃ ብቻም አይደለም። ደብረ ብርሃንን የቆረቆረው፣ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሠው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ አፅሙ ያለው ጣና ላይ፣ ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ነው። ንጉሡም እንደ በሬሳ ወደዚያው ሄደ ማለት ነው፤ እሱ እንኳ በወንዙ ሽቅብ ነው የሄደው።

ይህን ሁሉ እዚያው ሰልፉ ላይ ነገርኩት። መቼም ሥራ አልነበረንም።

«እሺ፣ የዓባይ ልጅ ነኝ» አለና ጀሪካኑን በእግሩ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ገፋው።