ሜታቦሊክ ሲንድሮም ምንድን ነው? (የታክሲ ሹፌሮች ይመለከታችኋል)

ሜታቦሊክ ሲንድሮም ራሱን የቻለ አንድ በሽታ አይደለም። አብረው የሚመጡ አምስት ነገሮች አሉ። ከአምስቱ ሦስቱ ከተገኙብህ ሐኪም ይህን ስም ይሰጠዋል። እነሱም የወገብ ዙሪያ መስፋት፣ ከ130/85 ጀምሮ ያለ ግፊት፣ በባዶ ሆድ ተለክቶ 100 የደረሰ ስኳር፣ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ስብ 150 መድረሱ፣ እና "ጥሩው ኮሌስትሮል" ለወንድ ከ40፣ ለሴት ከ50 በታች መውረዱ ናቸው።

ቁጥሮቹን ለየብቻ ካየሃቸው አያስደነግጡም። ሕመምም የላቸውም። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ለስኳር በሽታ፣ ለልብ ሕመምና ለስትሮክ ያጋልጣሉ።

ሹፌር ለምን? ከሜክሲኮ አራት ኪሎ ሲመላለስ የሚውለውን የሚኒባስ ሹፌር ውሎ እንይ። ሳይነጋ ይወጣል። ቁርሱ ቦምቦሊኖና ስኳር የበዛበት ሻይ ነው። ጫት የሚቅም ከሆነ ምሳ የለም። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ ግፊትንም ከፍ ያደርጋል። ከጎኑ ደግሞ ለስላሳ አይጠፋም። ማታ መኪናውን ካስገባ በኋላ የቀኑን ሁሉ አንዴ በልቶ ይተኛል።

ከምግብ በኋላ አብዛኛውን ስኳር ከደም የሚወስደው ጡንቻ ነው። ኢንሱሊን እዚህ ላይ እንደ ተራ አስከባሪ ነው፤ ሰልፍ የያዘውን ስኳር ጡንቻው ላይ ያሳፍራል። ሲቀመጥ የዋለ ጡንቻ ግን እንደ ሞላ ታክሲ ነው፤ ተራ አስከባሪው ቢጮህም ሰልፉ አይቀንስም። ትርፉን ስኳር ጉበት ወደ ስብ ይቀይረዋል። "እኔ ጮማ አልነካም፣ ጿሚ ነኝ" የሚል ሰው ትራይግሊሰራይዱ ከፍ ብሎ ሲገኝ የሚገርመው ይህን ስለማያውቅ ነው።

በእኔ እምነት እንጀራ ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል። እንጀራ በሽሮ ወይም በምስር በልክ ሲበላ ጥሩ ምሳ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ለስላሳው ነው። አንዷ ጠርሙስ ብቻ 30 ግራም ገደማ ስኳር አላት። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ደግሞ ቢቻል ለቀኑ ሙሉ ከ25 ግራም እንዳያልፍ ነው። ውሃ ብትጠጣስ? "ሽንት ቤት የት አለና!" ትለኛለህ። እሱስ እውነትህን ነው።

ወገብህን ለመለካት የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። የሱሪ ቁጥር አያስተማምንም፤ ቀበቶ ከቦርጭ በታች ስለሚታሰር። ትንፋሽህን አውጥተህ፣ በመጨረሻው የጎን አጥንትህና በዳሌህ አጥንት መሃል ዙሪያውን ለካ። ለእኛ አካባቢ ሰዎች የሚሠራበት መነሻ ለወንድ 94፣ ለሴት 80 ሴንቲ ሜትር ነው። ከዚያ ካለፈ ግፊትህንና ስኳርህን ተለካ። ለስኳሩ ቢያንስ 8 ሰዓት ምግብ ሳትቀምስ መቆየት አለብህ፤ የጠዋቷ ሻይም ትቅር። እስከዚያው ከምሳ በኋላ ተራ ስትጠብቅ ጋቢና ውስጥ ከማንቀላፋት ወርደህ አሥር ደቂቃ ተራመድ።