የሙኒክ ሆፍብሮይሃውስ፦ የቢራ አዳራሹ ታሪክና የማዕዱ ሥርዓት

ሆፍብሮይሃውስ በደቡብ ጀርመን፣ የባቫሪያ ዋና ከተማ በሆነችው ሙኒክ፣ ፕላትስል በተባለው አደባባይ የሚገኝ ስመ ጥር ቢራ አዳራሽና ምግብ ቤት ነው። ለመሳፍንቱ ማዕድ ብቻ ተብሎ የተጀመረው ይህ ቤት ሠራተኛውም ባለሥልጣኑም በአንድ ረጅም ጠረጴዛ የሚቀመጥበት የሕዝብ አዳራሽ ሆኖ እስከ ዛሬ ዘልቋል። እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ16ኛው መቶ ዘመን የሙኒክ ቤተ መንግሥት ሰዎች በከተማው ቢራ ስለማይረኩ፣ ጥሩ ቢራ ከሰሜን ጀርመኗ አይንቤክ ድረስ እየተጫነ ይመጣላቸው ነበር። ወጪው ግምጃ ቤቱን እየከበደው በመሄዱ፣ የመስፍን ቪልሄልም 5ኛ ሹማምንት ሴፕቴምበር 27 ቀን 1589 ቤተ መንግሥቱ የራሱን ጠመቃ ቤት ቢያቋቁም እንደሚሻል ሐሳብ አቀረቡ፤ መስፍኑም ተቀበሉት። የጋይዘንፌልድ ገዳም ጠማቂ የነበረው ሃይመራን ፖንግራትስ ተጠርቶ የመጀመሪያው ዋና ጠማቂ ሆነ፤ ጠመቃ ቤቱም በአሮጌው ቤተ መንግሥት ግቢ ተሠራ።

ቤቱን ባለጸጋ ያደረገው ግን የስንዴ ቢራ ነው። በ1516 የወጣው የባቫሪያ የቢራ ሕግ ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕስና ከውኃ ብቻ እንዲጠመቅ ያዝዛል። ሆፕስ፣ ጌሾ ለጠላችን እንደሚያደርገው ሁሉ፣ ለቢራው ምሬቱን የሚሰጥና ቶሎ እንዳይበላሽ የሚጠብቅ ተክል ነው። ሕጉ ስንዴን ያልፈቀደው እህሉ ለዳቦ እንዲተርፍ ታስቦ እንደሆነ ይነገራል። ያም ሆኖ የዴገንበርግ መሳፍንት በልዩ ፈቃድ የስንዴ ቢራ ይጠምቁ ስለነበር፣ በ1602 የቤተሰቡ የዘር ሐረግ ሲቋረጥ መብቱ ለቪልሄልም ልጅ ለመስፍን ማክሲሚሊያን 1ኛ ተላለፈ። ማክሲሚሊያን አጋጣሚውን በብልሃት ተጠቀሙበት፤ የስንዴ ቢራ ጠመቃን ለቤተ መንግሥቱ ብቻ አድርገው፣ በ1607 በፕላትስል አዲስ ጠመቃ ቤት አሠሩ። የቢራው ሽያጭ ለግዛቱ ካዝና ጉልህ ገቢ ያስገባ ነበር። በ1614 ደግሞ ዋና ጠማቂው ኤሊያስ ፒኽለር የአይንቤክን ዓይነት ጠንካራ ቢራ እዚያው ሙኒክ ውስጥ ለመጥመቅ ስለቻለ፣ ከሰሜን ማስጫኑ አስፈላጊ መሆኑ ቀረ። በ1632 የስዊድን ጦር ሙኒክን በያዘ ጊዜ ከተማዋ እንዳትዘረፍ ከተሰጠው ካሳ ውስጥ የዚህ ቤት ቢራ እንደነበረበት ይተረካል።

በ1828 ንጉሥ ሉድቪግ 1ኛ ቤቱን ለሕዝብ ከፈቱት። በ1844 በዋጋ ንረት ምክንያት በከተማዋ ሁከት ተነሥቶ ነበርና፣ በዚያው ዓመት ንጉሡ ወታደሩና ሠራተኛው መጠጣት እንዲችል የሆፍብሮይሃውስን ቢራ ዋጋ ዝቅ አደረጉ። በ1852 ንብረቱ ከንጉሣዊው ቤተሰብ ወደ ባቫሪያ መንግሥት ተላለፈ። ጠመቃው በ1896 ወደ ሌላ ሰፈር ከተዛወረ በኋላ፣ አሁን የሚታየው ሕንፃ በአርክቴክት ማክስ ሊትማን ንድፍ በ1897 ተሠራ። ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1920 ሂትለር የፓርቲውን ባለ 25 ነጥብ ፕሮግራም ያወጀው በላይኛው ፎቅ የበዓል አዳራሽ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሕንፃው በቦምብ ክፉኛ ተጎድቶ፣ የእድሳቱ ሥራ ሙኒክ 800ኛ ዓመቷን ባከበረችበት በ1958 ተጠናቀቀ።

ምድር ቤቱ ሽቬመ የሚባለው ሰፊ አዳራሽ ነው። ቅስት ጣሪያው በሥዕል ያጌጠ ሲሆን፣ ከአንድ ሺህ ሰው በላይ በረጃጅም የእንጨት ጠረጴዛዎች ይስተናገድበታል። የባቫሪያ የነፋስ መሣሪያ ባንድም ይጫወትበታል። እንግዳ «ቦታው ተይዟል ወይ?» ብሎ ጠይቆ ከማያውቀው ሰው ጎን መቀመጡ እዚህ ነውር የለውም፤ የቤቱ ክብርም ከሁሉ በላይ በዚህ ይታያል። ሽታምቲሽ የሚል ምልክት ያለበት ጠረጴዛ ግን የቋሚ ደንበኞች ማኅበራት ስለሆነ ሳይጋበዙ አይቀመጡበትም። ከእነዚህ ደንበኞች አንዳንዶቹ የግል ኩባያቸውን በቁልፍ በሚዘጋ የብረት መደርደሪያ ያኖራሉ።

ቢራው በማስ ይቀርባል፤ ማስ አንድ ሊትር የሚይዝ ባለ እጀታ የመስታወት ጃምቦ ነው። ሞልቶ ሲቀርብ ከሁለት ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ አስተናጋጆቹ ግን ብዙውን በአንድ ጊዜ አቅፈው በሕዝቡ መካከል ያልፋሉ። በኩባያው ላይ መጠኑን የሚያሳይ መስመር ስላለ፣ ቢራው ከመስመሩ በታች ሆኖ ከመጣ ደንበኛው እንዲሞላለት መጠየቅ ይችላል። ኩባያ ሲያጋጩ ዓይን ለዓይን መተያየት ግድ ነው። የስንዴ ቢራ ግን ግማሽ ሊትር በሚይዝ ረጅም ብርጭቆ ይቀርባል።

ከምግቡ አብዛኛው የአሳማ ሥጋ ነው፤ የተጠበሰው የአሳማ ቅልጥም ከድንች ክብ ሊጥና ከኮምጣጣ ጎመን ጋር የሚቀርብ ዋና ምግብ ነው። ነጩ ቋሊማ ከጥጃ ሥጋ ቢሠራም ብዙውን ጊዜ የአሳማ ስብ ስለሚገባበት፣ አሳማ የማይበላ ሰው አስቀድሞ መጠየቅ ይኖርበታል። ይህ ቋሊማ በሙቅ ውኃ እንደተነከረ ይቀርባል፤ ቆዳው ተገፍፎም ከጣፋጭ ሰናፍጭና ፕሬትዘል ከተባለው የተጠማዘዘ ዳቦ ጋር ይበላል። በልማድ ከቀትር በፊት የሚበላ ሲሆን፣ በ1857 በሙኒክ አንድ ሥጋ ሻጭ በአጋጣሚ የፈለሰፈው ነው የሚለውን ትረካ የሚጠራጠሩ ታሪክ አዋቂዎች አሉ። ከአሳማ ለሚርቅ ኢትዮጵያዊ የተጠበሰ ዶሮ ወይም ኦባትስዳ፣ ማለትም ከቅቤ፣ ከፓፕሪካና ከሽንኩርት ጋር የተፈጨ ለስላሳ አይብ፣ ጥሩ አማራጭ ነው። ጾመኛ ግን ኦባትስዳንም ስለማይበላ ምርጫው ይጠብበታል።

ሒሳብ የሚከፈለው እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነው። አስተናጋጁ አብሮ መከፈሉን ወይም ለየብቻ መሆኑን ይጠይቃል፤ ከፋዩም ቲፑን ጨምሮ መክፈል የሚፈልገውን ጠቅላላ ገንዘብ ይናገራል እንጂ፣ ቲፑን ጠረጴዛ ላይ ትቶ መሄድ አልተለመደም።