«በቁጥጥር ስር ዋለ» ማለት «ጠፋ» ማለት አይደለም

የሰደድ እሳት በቁጥጥር ስር ዋለ ሲባል፣ ሣርና ቁጥቋጦው ተመንጥሮ አፈሩ እስኪታይ በተጠረገ መስመር ተከቧል ማለት ነው። የመስመሩ ስፋት እንደ እጽዋቱ ቁመት፣ እንደ ዳገቱና እንደ ነፋሱ ይለያያል። ውስጡ ግን ገና ሊነድ ይችላል፤ ፍሙ አስታ በሚባለው የደጋ ዛፍ ሥርና በጓሳ ሣር ጉቶ ውስጥ ለቀናት ይጤሳል። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመጋቢት 2011 የተነሳው እሳት ጠፋ ከተባለ በኋላ ሚያዝያ ላይ ዳግም ተቀጣጥሏል።

ጠፋ የሚባለው አመዱ ተቆፍሮ፣ ውሃ እየተጨመረ ተማስሎ፣ የእጅ ጀርባ ሲጠጋው ሙቀት ሳይሰማ ሲቀር ነው። ከላይ አፈር ማልበስ ብቻውን አይበቃም። ማታ ምድጃ የሚዳፈነው እኮ እሳቱ እንዲያድር ነው!