"ፓንጉሌ ሃረካት መጎ"፦ የአቼ ገበሬ አባባል እና ትርጉሙ

በኢንዶኔዢያ፣ ሱማትራ ደሴት ሰሜን ጫፍ ላይ የሚኖሩት የአቼ ሰዎች ከአያት ከቅድመ አያት የወረደን አባባል "ሃዲህ ማጃ" ይሉታል፣ በጣም ብዙ ነው። ስለ ገጠር ኑሮ ከተነሳ ግን ቶሎ የሚጠቀሰው ይሄ ነው፦ "ፓንጉሌ ሃረካት መጎ"። የእንጀራ ሁሉ ራስ እርሻ ነው እንደማለት ነው፣ እርሻ ሲሉ ደግሞ በዋናነት ሩዝ ማለታቸው ነው። ብዙ ጊዜ "የኢባዳ (የአምልኮ) ሁሉ ራስ ሶላት ነው" የሚል ጓደኛ አለው፣ ሁለቱን አንድ ላይ ነው የሚሏቸው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰሙት ገበሬ ማሞገሻ ይመስላል፣ እኔ ግን እንደዛ ብቻ ብሎ ማለፍ አባባሉን ያሳንሰዋል ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም ይሄን ያለው ህዝብ እኮ በመንገደኝነቱና በንግዱ የታወቀ ህዝብ ነው። በ1820ዎቹ አካባቢ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በዓለም ገበያ ከሚዞረው ቁንዶ በርበሬ ግማሽ ያህሉ ከአቼ ነበር የሚወጣው፣ ከአሜሪካ ሳሌም የሚነሱ መርከቦች ሳይቀሩ እስከ አቼ ምዕራብ ዳርቻ ድረስ እየመጡ ይጭኑ ነበር (በ1831 ኳላ ባቱ ላይ አንድ የአሜሪካ መርከብ ተዘርፎ በዓመቱ የአሜሪካ ባህር ኃይል መጥቶ ከተማዋን ደብድቧታል፣ ቁንዶ በርበሬው ምን ያህል ገንዘብ እንደነበር ከዚህ ይታያል)። ይሄን የሚያለሙት ወንዶች ብዙዎቹ ፒዲ እና አቼ በሳር ከሚባሉት የአቼ አውራጃዎች የሩዝ መንደሮች ተነስተው ወደ ምስራቅና ወደ ምዕራብ ዳርቻ የሄዱ ናቸው፣ ወራት አንዳንዴም ዓመታት ቆይተው ነው የሚመለሱት። ታዲያ ገንዘቡ ቁንዶ በርበሬው ላይ እያለ የእንጀራ ራስ ሩዝ ነው ያሉት ለምንድነው?

መልሱ ያለው ሰውየው ትቶት በሚሄደው ቤት ውስጥ ይመስለኛል።

ቤቱ የሚስት ነው። በተለይ በፒዲና በአቼ በሳር ሴት ልጅ ስታገባ ባልየው ነው እሷ ወላጆች ጋ የሚገባው፣ መጀመሪያ ላይ ወላጆች ያበሏቸዋል፣ ትንሽ ቆይተው ወይ ልጅ ሲወለድ ጥንዶቹ በወግ ራሳቸውን እንዲችሉ ይደረጋል፣ ያኔ ልጅቷ ቤት ይሰጣታል፣ አቅም ካለ የሩዝ ማሳም ይጨመርላታል። ሌላ ቤት መስራት ካልተቻለ እናትና አባት ዋናውን ቤት ለልጃቸው ለቀው እነሱ ወደ ትንሿ ይሄዳሉ። ስለዚ እህትማማቾች ጎን ለጎን ነው የሚኖሩት። ወንዱ በሸሪዓው መሰረት ከመሬት ውርስ ድርሻውን ያገኛል፣ ቤት ግን በወጉ የሴት ልጅ ነው። ልጅ እያለ ደሞ ትንሽ ከፍ ሲል እናቱ ቤት ማደር ትቶ መንደሩ መሀል ባለው የጸሎትና የስብሰባ ቤት፣ መናሳ በሚሉት፣ ከእኩዮቹ ጋር ያድራል፣ መንገደኛ እንግዳም እዛው ነው የሚያድረው። ወንድ ልጅ ገና በልጅነቱ ለመንገድ የተዘጋጀ ነው ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ባል ከሄደ በኋላ ሚስትና ልጆች ምን ይበላሉ? ከውጪ የሚላከው ገንዘብ ሊመጣም ላይመጣም ይችላል፣ የቁንዶ በርበሬ ዋጋ ይወጣል ይወርዳል፣ ሰውየውም ታሞ ሊቀር ይችላል። ማሳው ካለ ግን ጎተራ ውስጥ ሩዝ አለ። እኔ አባባሉን የምረዳው እንዲህ ነው፦ አትሂድ አይልም፣ ሄደህ ሰርተህ ና፣ ግን ቤተሰብህን የሚያቆመው ሩዙ ነው ነው የሚለው።

ለዚህም ነው ከውጪ የመጣው ገንዘብ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ማሳ ላይ የሚያርፈው። ሙሉ ለሙሉ መግዛት ካልተቻለ "ጋላ" አለ፣ እኛ ወለድ አገድ የምንለው ማለት ነው። ገንዘብ የቸገረው ሰው ማሳውን ያስይዛል፣ አበዳሪው ብሩ እስኪመለስለት ያርሳል ወይ ያሳርሳል፣ ምርቱም የሱ ነው። የሚገርመው ዕዳው በወረቀት ገንዘብ ሳይሆን በወርቅ ነው የሚቆጠረው፣ መለኪያው ማያም ይባላል፣ አንዱ 3.3 ግራም አካባቢ ነው፣ 10 ማያም የተቀበለ ከ20 ዓመት በኋላም 10 ማያም ነው የሚመልሰው። ስለዚ የሩፒያ (የኢንዶኔዢያ ገንዘብ) ዋጋ ቢወድቅም አበዳሪው አይጎዳም፣ ተበዳሪው ግን ወርቅ ሲወደድ ማሳውን ማስለቀቅ በጣም ሊከብደው ይችላል፣ አንዳንዱ ማሳ ከአባት ወደ ልጅ እንደተያዘ ይተላለፋል። ምርቱን አበዳሪው መብላቱ አራጣ ነው አይደለም እያሉ የሃይማኖት ሊቃውንቱም ይከራከሩበታል። ማሳ የሌለው ደግሞ በ"ማዋይ" ያርሳል፣ ይሄ የእኩል ወይም የሲሶ እርሻ ነው፣ በስምምነት ነው የሚካፈሉት። ወርቁ፣ ውሉ፣ ክፍፍሉ ሁሉ የሚዞረው ሩዝ ማሳው ዙሪያ ነው፣ ራስ መባሉ ለዚህ ጭምር ነው።

ሶላቱ ለምን ከጎኑ መጣ ለሚለው ደግሞ፣ ሁለቱም ሰዓት አላቸው፣ ሁለቱም በጀማዓ (በህብረት) ያምራሉ። ሩዝ ለብቻ አይታረስም፣ ውሃው ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ነው የሚወርደው፣ አንዱ ቀድሞ አንዱ ዘግይቶ ከዘራ ውሃው ያጣላል፣ አይጥና ተባዩም ከማሳ ማሳ ይዞራል። ለዚህ "ከጁሩን ብላንግ" የሚባል የውሃና የማሳ አለቃ አላቸው፣ ውሃ መቼ እንደሚለቀቅ፣ መቼ እንደሚዘራ ከሽማግሌዎቹና ከገበሬው ጋር መክሮ ቀን ያስቆርጣል፣ ሲጣሉም ያስታርቃል። ድሮ ቀኑን የሚያወጡት ጨረቃ ከጊንጥ ኮከብ ጋር የምትገናኝበትን የጨረቃ ወር ቀን ቆጥረው ነበር፣ ከወር ወር በሁለት በሁለት እየቀነሰ ይሄዳል፣ 23፣ 21፣ 19 እያለ፣ በዚህ ነው በጨረቃ የሚቆጠረውን የሂጅራ (የእስልምና) ዓመት ከዝናቡ ጋር የሚያስታርቁት፣ በጣም ብልህነት ነው። ስራው ከመጀመሩ በፊት "ከንዱሪ ብላንግ" የሚባል የማሳ ዱዓና ድግስ አለ፣ ሁሉም አዋጥቶ ታርዶ አብሮ ይበላል። ጁምዓ ቀን ማሳ አይገባም። ሰብሉ ባለበት ጊዜ ከብት ይታሰራል፣ ከታጨደ በኋላ ማሳው ክፍት ሆኖ የማንም ከብት ይግጣል።

አባባሉ ክፉ ቀንም አይቷል። የአቼ ነጻነት ታጣቂዎች ከኢንዶኔዢያ መንግስት ጋር ባደረጉት፣ ከ1976 እስከ 2005 በዘለቀው ጦርነት ብዙ ወንድ ጫካ ገባ፣ ወደ ማሌዢያ ተሰደደ፣ ሞተ፣ በብዙ መንደር ማሳውን ይዘው የቆዩት ሴቶች ናቸው፣ ለነሱ ትልቅ ክብር አለኝ። የ2004ቱ ሱናሚ ደግሞ የባህር ዳርቻውን ማሳ በጨውና በጭቃ ሞልቶ ድንበሩን ጭምር አጠፋው፣ የተረፉት ጎረቤታሞች ተሰብስበው የኔ እዚህ ጋ ያንተ እዛ ጋ እየተባባሉ ነው እንደገና ያካለሉት።

አሁን ወጣቱ ወደ ሜዳን፣ ጃካርታ፣ ማሌዢያ ነው የሚሄደው፣ ረመዳን ሲቃረብ ሁሉም ስጋ በሚገዛበት የመጋንግ ቀን ለመድረስ መንገዱ ይጨናነቃል፣ ባል ወደ ሚስቱ ቤት ስጋ ይዞ መግባት አለበት። ባንዳ አቼ ዙሪያ ደግሞ መንገድ ዳር ያለው የሩዝ ማሳ እየተሞላ ሱቅና ቤት እየሆነ ነው፣ ይሄ ያሳስበኛል፣ አንዴ አፈር የተደፋበት ማሳ ተመልሶ ውሃ አይዝም። በወጉ ቢሆን ማሳ መሸጥ የፈለገ ሰው መጀመሪያ ለዘመዱና ድንበር ለሚጋራው ማሳየት አለበት፣ እነሱ እኛ አንገዛም ካሉ ነው ለውጪ ሰው የሚሸጠው፣ እነሱን ዘሎ ከሸጠም ዋጋውን ከፍለው መልሰው የመውሰድ መብት አላቸው።