የአንድ ማዕከል አገልግሎት ምንድን ነው?

ወሲባዊ ጥቃት የደረሰበት ልጅ ታሪኩን ለስንት ሰው ይናገራል? መጀመሪያ ለእናቱ። ከዚያ ለጎረቤት፣ ጣቢያ ላለው ተረኛ ፖሊስ፣ ለመርማሪ፣ ለሐኪም፣ ለዐቃቤ ሕግ። መሀል ላይ ይደክመውና ዝም ይላል። ወይም ቃሉ ይለዋወጥና "ይዋሻል" ይባላል።

የአንድ ማዕከል አገልግሎት ይህን ምልልስ ለማስቀረት የመጣ ነው። ሐኪሙ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያው፣ መርማሪ ፖሊሱና ዐቃቤ ሕጉ አንድ ግቢ ውስጥ ይሠራሉ። ልጁ ቢሮ ለቢሮ አይንከራተትም። አዲስ አበባ ውስጥ በብዛት የሚጠቀሰው ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ያለው ነው።

ከከተማዋ ዳር፣ ከኮዬ ፈጬ ወይም ከቱሉ ዲምቱ ሲታይ ግን ጋንዲ ሩቅ ነው። ርቀቱ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ዳር ዳሩ ላይ ያለው ኮንዶሚኒየም ሰው ከየሰፈሩ ተነስቶ የገባበት ነው፤ ጎረቤት ከጎረቤት ገና አልተዋወቀም። ወላጅ በሌሊት ወጥቶ ማታ ይገባል። ልጁ ከዘመድ፣ ከሠራተኛ ወይም ፎቅ ከሚጋሩት ሰው ጋር ይውላል። አጥቂው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ልጁ የሚያውቀው ሰው ነው። ወንድ ልጅም ይጠቃል፤ እሱን እንዲያውም ማንም አይጠረጥርም።

ነገሩ ሲሰማ እናት ደንግጣ ልጇን ታጥባለች፣ ልብሱን ሳፋ ውስጥ ትዘፈዝፋለች። ማን ይፈርድባታል? ማስረጃው ግን አብሮ ይታጠባል። ልጁ ሳይታጠብ፣ ልብሱም ሳይነካካ በወረቀት ከረጢት ተይዞ መሄድ አለበት። ፌስታል እርጥበት ስለሚይዝ ያበላሸዋል። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ ሲጀመር ደግሞ የተሻለ ነው። ቀኑ ቢያልፍም መሄድ ነው፤ ሌላው ሕክምና፣ ምክሩና ክሱ አይቀርም።

ከዚያ ሽማግሌ ይመጣል። "የልጁ ስም ይጠፋል፣ ገመናችሁን አታውጡ፣ ካሳ ይክፈልና ይብቃ።" ሽምግልናን አልጠላም፤ ስንት የድንበር ጠብና የባልና ሚስት ኩርፊያ አብርዷል። እዚህ ግን የተጎዳው ልጁ፣ ካሳ ተቀባዩ አባት ነው። ይሄ ምን ዓይነት እርቅ ነው? በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 627 ከ13 ዓመት በታች ካለ ተቃራኒ ፆታ ልጅ ጋር የግብረ ሥጋ ግንኙነት የፈጸመን ሰው ከ13 እስከ 25 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ከ13 እስከ 18 ዓመት ላሉት አንቀጽ 626 አለ፤ አጥቂውና ልጁ አንድ ፆታ ከሆኑ ደግሞ አንቀጽ 631። ቤተሰብ ስለታረቀ ክሱ ይቀራል ማለት አይደለም።

ብዙ ወላጅ የሚፈራው ፍርድ ቤቱን ነው። ልደታ ባለው የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ለሕፃናት የሚመች ችሎት አለ። ልጁ ለብቻ ክፍል ውስጥ ከባለሙያ ጋር ይቀመጣል። ባለሙያዋ የዳኛውን ጥያቄ በጆሮ ማዳመጫ ሰምታ ልጁ በሚገባው አነጋገር ትጠይቀዋለች፤ ችሎቱ በስክሪን ይከታተላል። ከተከሳሹ ጋር ፊት ለፊት አይፋጠጥም።

ጎረቤት ከሆናችሁ ልጁን እንደ መርማሪ አታፋጥጡት። "ስለነገርከኝ ጥሩ አደረግክ፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም" በሉት። የነገራችሁን በራሱ ቃል ጻፉት፣ ቀኑንም አስፍሩ። ከዚያ ለፖሊስ በ991 ደውሉ፣ ወይም ከወላጁ ጋር አብራችሁ ቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሂዱና ወደ ማዕከሉ ሪፈር ጠይቁ።